አንድ ሲኒ ስኳር ስንት ግራም ነው? ከካይሮ እስከ ወጥ ቤታችን

ባለፉት ዝግጅቶች ስለ ትልልቅ ነገሮች ስናወራ ቆይተናል፤ ዛሬ ግን ወደ ወጥ ቤት ልውሰዳችሁ። ስለ ስኳር ነው የምናወራው። ስኳር እንዴት እንደሚለካ። «ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ። የስምንት መቶ ዓመት ታሪክ አለው፣ መጨረሻው ደግሞ እናቶቻችንና አያቶቻችን ቤት ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው የሚመስለው። አንድ ኮስ ስኳር ስንት ግራም ነው? ብትፈልጉ አንዱ 200 ግራም ይላችኋል፣ ሌላው 170፣ ሌላው 210። የሚገርመው ሦስቱም ልክ ናቸው። የአሜሪካ ኮስ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ስለዚህ ስኳሩ 200 ግራም ይሆናል። እዚህ አገር ብዙ ሰው ቤት ያለው ብርጭቆ 200 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያ ደግሞ 170 ግራም ይሆናል። በአውስትራሊያ ኮስ ማለት 250 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ወደ 210 ግራም ይጠጋል። ስኳሩ ያው ስኳር ነው። የተለያየው ዕቃው ነው።

ግን በዚህ አያበቃም። ያንኑ የ240 ኮስ በስኳር ዱቄት፣ ማለትም በአቭካት ሱካር፣ ብትሞሉት 200 ሳይሆን 120 ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ቡናማ ስኳር እየጠቀጠቃችሁ ብትሞሉት ከ210 እስከ 220 ይደርሳል። ማር ብታደርጉበት 340 ግራም ይሆናል። ለምን? ምክንያቱም በኮስ ውስጥ ስኳር ብቻ አይደለም ያለው፣ አየርም አለ። የስኳር ፍሬዎች እንደ ጠጠር ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። አንድ ኮስ ተራ ስኳር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቦታ አየር ነው። ዱቄቱ ውስጥ ደግሞ አየሩ ይበልጣል። ማር ግን ፈሳሽ ስለሆነ ክፍተት የለውም። ስለዚህ በዕቃ ስንለካ ቦታ ነው የምንለካው። በሚዛን ስንለካ ግን ነገሩን ራሱን እንለካለን።

ይህን ልዩነት በግልጽ ከጻፉት የጥንት ሰዎች አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራምባም ነው። አዎ፣ ራሱ ራምባም። የሚሽና ማብራሪያውን በ1168 ግብፅ ውስጥ ነው የጨረሰው። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እሱን ያሳሰበው ነገር ይሄ ነው፦ ሊጥ ሲቦካ ሐላ ለማውጣት ዱቄቱ ስንት መሆን አለበት? ረቢዎቹ መጠኑን ያስቀመጡት በእንቁላል ነበር፤ 43 እንቁላልና የአንድ እንቁላል አንድ አምስተኛ የሚሆን ቦታ የሚይዝ ዱቄት። ግን እንቁላል እኮ ትልቅም ትንሽም አለው። የጥንቱ የእስራኤል እንቁላልና የካይሮ እንቁላል እኩል ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?

ራምባም ምን አደረገ? ሪቪኢት የሚባለውን ትንሽ መለኪያ ልክ የሚይዝ ዕቃ አዘጋጀና የተለያዩ ነገሮች እየሞላ መዘነ። ክብደቱን የጻፈው በዘመኑ የነጋዴዎች መመዘኛ በነበረው በድርሃም ነው። ያው አንድ ዕቃ ውሃ ሲሞላ ወደ 27 ድርሃም፣ ወይን ጠጅ ሲሞላ 26፣ ስንዴ ሲሞላ 21፣ የስንዴ ዱቄት ሲሞላ ደግሞ 18 ድርሃም ሆነ። አያችሁ? አንድ ዕቃ፣ አራት ክብደት። ከዚያ በመነሳት ለሐላ የሚያበቃው ዱቄት በክብደት 520 ድርሃም ገደማ ነው ብሎ ደመደመ፣ የግብፅ የስንዴ ዱቄት መሆኑንም አብሮ ጻፈ። ይህን መጻፉ በጣም አስፈላጊ ነው፤ አፈጫጨቱ ሌላ የሆነ ዱቄት ሌላ ቁጥር ይሰጣላ። ዛሬ የምግብ አዘገጃጀት ስንጽፍ «ኮስ» ብለን ምን ዓይነት ስኳር እንደሆነ ሳንናገር ስንቀር፣ ራምባም ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የተጠነቀቀለትን ነገር ነው የምንረሳው።

በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ስኳር የታወቀ የንግድ ዕቃ ነበር። በካይሮ ጌኒዛ በተገኙት አሮጌ ወረቀቶች ላይ ስኳር የሚያነጥሩና የሚነግዱ አይሁዶች ተደጋግመው ይነሳሉ። ስኳር በዚያን ጊዜ የሀብታም ዕቃ ነው፣ መድኃኒት ቤትም ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ ውድ ነገር በእፍኝ አይሸጥም፣ በሚዛን ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረው። ለብዙ መቶ ዓመታት ስኳር እንደ ዛሬው የሚፈስ ፍሬ አልነበረም። ተነጥሮ ሾጣጣ ቅርጽ ውስጥ ይፈስና ይደርቃል፣ ሲወጣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሾጣጣ ነገር ይሆናል። አያቶቻችን የሚያውቁትን አሞሌ ጨው አስቡት፣ እንደዚያ ያለ ድፍን ነገር። ባለቤቲቱ በልዩ መቁረጫ እየሰበረች፣ እየወቀጠች ነበር የምትጠቀምበት። እንዲህ ያለውን ነገር በማንኪያ ወይም በኩባያ መለካት አይቻልም። ስለዚህ የዚያን ዘመን የአውሮፓ የምግብ መጻሕፍት «ይህን ያህል ፓውንድ ስኳር» ነው የሚሉት። በ1843 ዛሬ ቼክ በምንላት አገር ዳቺትሴ በምትባል ከተማ የስኳር ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ያኮብ ክሪስቶፍ ራድ ባለ አራት ማዕዘን ትንንሽ የስኳር ኩብ መሥሪያ ፈቃድ አወጣ። ያ ኩብ የተወለደው ሰው ሾጣጣውን መስበር ስለሰለቸው ነው። ከዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ማጣሪያ ማሽኖች ፋብሪካ ገቡና ደረቅ፣ የሚፈስ፣ እኩል የሆነ የስኳር ፍሬ በርካሽ መሠራት ተቻለ። ስኳር በኩባያ መለካት የቀለለው ከዚህ በኋላ ነው።

አሜሪካኖች ኩባያውን ወደዱት። ግን መጀመሪያ ላይ «የሻይ ኩባያ» ይላሉ፣ «እንቁላል የሚያህል ቅቤ» ይላሉ፤ የየቤቱ ኩባያ ለየቅል ነበር። በ1896 ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ አንድ መጽሐፍ አወጣች። እሷ የጸናችበት ነገር አንድ ነው፦ ኩባያው መደበኛ መለኪያ ይሁን፣ ሲሞላም አናቱ በቢላዋ ተጠርጎ ከአፉ እኩል ይሁን። ክምር የለም፣ ጎደሎ የለም። መጽሐፉ በአሜሪካ እጅግ ተሰራጨ፣ እሷንም «የእኩል ልኬት እናት» ብለው ጠሯት። የዛሬው የአሜሪካ የምግብ አዘገጃጀት በኩባያ የሚሄደው ከዚያ ልማድ ነው።

ፈረንሳዮች በሌላ መንገድ ነው የሄዱት። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1795 በወጣው ሕግ ግራምን ሲወስኑ እንዲህ አሉ፦ ግራም ማለት አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ውሃ የሚመዝነው ነው። ስለዚህ ግራም ራሱ ሲወለድ ከዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ጎንደር እንሂድ። ኢትዮጵያ ውስጥ እህል በቁና ይሰፈራል። ትንሽ ነገር በእፍኝ፣ በጣሳ፣ በሲኒ ይለካል። ቁናው ደግሞ ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ጋር አይገጥምም። ውድ ነገር ሲሆን ግን እዚያም ሚዛን ይመጣል። ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር፤ ወቄቷም ከጠገራ ብር፣ ከማሪያ ቴሬዛ ብር ማለት ነው፣ ክብደት ጋር ትስተካከላለች። ያ ብር 28 ግራም ያህል ነው። ሰው ኪሱ ያለውን ገንዘብ የሚዛን ድንጋይ አድርጎ ይጠቀምበታል ማለት ነው። ብልሃት አይደለም?

የእኛ ሰዎች ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች እንደነበሩ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማሰሮው፣ ጀበናው፣ ድስቱ ከእነሱ እጅ ነበር የሚወጣው። ጎረቤቱ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ውሃም ጠላም የሚይዝበት ዕቃ የእኛ እናቶች የሠሩት ሊሆን ይችላል። በእጅ የተሠራ ሸክላ ደግሞ ሁለቱ እኩል አይሆንም። ግን ማንም አልተቸገረም። ሴትዮዋ የራሷን ማሰሮ ታውቀዋለች፣ ልጇም አጠገቧ ሆና እያየች ታድጋለች። ልኬቱ በዕቃውና በእጁ መካከል ነው ያለው። ወረቀት አያስፈልገውም።

ስኳር ራሱ ለገጠሩ ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው። ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በሚባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት በአዋሽ ወንዝ ዳር ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። በ1963 ደግሞ በአዋጅ ኪሎና ሊትር የኢትዮጵያ መደበኛ መለኪያ ሆኑ። በደርግ ዘመን በከተማ የነበሩ ወላጆቻችን ስኳርን የሚያስታውሱት ከቀበሌ ሱቅ ጋር ነው፤ በኮታ፣ በኪሎ ተመዝኖ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ስኳር ከመንግሥት እጅ በኪሎ ይመጣል፣ ቤት ሲገባ ግን ወዲያው ወደ ሲኒና ወደ ማንኪያ ይለወጣል።

እስራኤልም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1949 «ጼና» የሚባለው የቁጠባ ዘመን ሲታወጅ ስኳር በኩፖን፣ ተመዝኖ ነበር የሚከፋፈለው። በየቤቱ ግን ከየመን፣ ከፖላንድ፣ ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ የመጣች እናት ሁሉ በየራሷ ብርጭቆ ነበር የምትሰፍረው። እስከ ዛሬ ድረስ በዕብራይስጥ የምግብ አዘገጃጀት ውስጥ «ኮስ» ሲባል 200 ይሁን 240 ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አንዳንዱ እንዲያውም «ኮስ ሃድ ፓዓሚት» ይላችኋል፣ የሚጣለውን የፕላስቲክ ኩባያ። ያ 180 ሚሊ ሊትር ከሆነ 150 ግራም ስኳር ገደማ ይይዛል። አስቂኝ ይመስላል፣ ግን አስቡት፤ አገር ሙሉ እኩል የሆነ ኩባያ የሚያገኘው ከሱቅ በሚገዛው ፕላስቲክ ነው።

ከዚያ የእኛዎቹ መጡ። በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰሎሞን ዘመቻ፤ በዚያ በሁለተኛው ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው የተጓዘው። በዚያ ጉዞ ላይ ቁናና ማሰሮ ይዞ የሚመጣ የለም። ብዙ ሰው የለበሰውን ብቻ ነው ይዞ የመጣው። ስለዚህ እጁ መጣ፣ ዕቃው እዚያው ቀረ። እናቶቻችን በመርካዝ ክሊታ ውስጥ በተሰጣቸው ብርጭቆ፣ በማያውቁት ምድጃ፣ በማያውቁት ዱቄት እንደገና ከሀ መጀመር ነበረባቸው። ይህን ማንም በታሪክ መጽሐፍ አይጽፈውም፣ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ትምህርት ቤት በዕብራይስጥ፣ ቤት በአማርኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ሁሉን ነገር በቁጥር መጻፍ ለመድኩ። ባለፈው ዓመት የአያቴን ዳቦ አዘገጃጀት ልጽፍ ተነሳሁ። አያቴ እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ለልጅ ልጆች ብለው ስኳር የሚጨምሩበት የሰንበት ዳቦ አለ። «አያቴ፣ ስኳሩ ስንት ነው?» ስላቸው «ሁለት ሲኒ» አሉ። «የቱ ሲኒ?» ስላቸው ደግሞ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እጄ ያውቀዋል እኮ» አሉኝ።

የቡና ሲኒያቸውን ወስጄ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና ውሃ ሞላሁት። 70 ግራም። ግራም ከውሃ ነው የተወለደው ብያችሁ የለ? ስለዚህ ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስኳር ሞልቼ አናቱን ስጠርገው 60 ግራም ሆነ። ከዚያ «አሁን እርስዎ ይስፈሩት» አልኳቸው። እሳቸው ከምረው ነው የሚሰፍሩት፤ 72 ግራም መጣ። እንግዲህ የአያቴ «ሁለት ሲኒ» ማለት 144 ግራም ነው።

አሁን አስቡ። የአክስቴ ልጅ አማርኛ አታነብም። አዘገጃጀቱን ለእሷ ወደ ዕብራይስጥ ብንመልሰው ሲኒን ምን እንለዋለን? ብዙ ሰው «ኮስ» ነው የሚለው። ሁለት ኮስ በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሲሆን 340 ግራም ስኳር ነው። ከእጥፍ በላይ! ያ ዳቦ የአያቴ ዳቦ አይሆንም፣ ኬክ ነው የሚሆነው። አንዲት ቃል ስትተረጎም አብሮ የሚጠፋው ይሄ ነው። ቃሉ ተተርጉሟል፣ መጠኑ ግን አገር አልተሻገረም።

ጠጅ ለሚጥሉትም እንዲሁ ነው። ማር ሲወደድ በስኳር የሚተኩ አሉ። በሲኒ ከተካችሁ ግን እኩል አልተካችሁም። ያው 70 ሚሊ ሊትር ሲኒ ማር ሲሞላ 100 ግራም ያህል፣ ስኳር ሲሞላ 60 ነው። በሌላ በኩል ማር በውስጡ ውሃ ስላለበት ጣፋጩ ከክብደቱ ያንሳል። ዕቃው አንድ ስለሆነ ብቻ ነገሩ እኩል አይሆንም፤ ልክ እንደ ራምባም ውሃና ዱቄት።

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ስኳር በሽታ። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች እዚህ ከኖሩ በኋላ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በጣም እንደጨመረ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ከእኛ መካከል በዘመዱ የስኳር በሽተኛ ያለበት ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ የማንኪያና የግራም ነገር ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። በእስራኤል ከ2020 ጀምሮ ቀዩ ምልክት በምግብ ማሸጊያ ላይ ወጥቷል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ደግሞ «ካፒዮት ሱካር» የሚል መስመር አለ። አንዲት ካፒት 4 ግራም ተብላ ነው የምትቆጠረው። ለምን በማንኪያ ጻፉት? ሰው ግራምን በዓይኑ ስለማያየው ነው። ማንኪያ ግን ያያል። የሰውን ቤት ቋንቋ ተናገሩ ማለት ነው።

ግን 4 ግራም የሚሆነው ማንኪያው ከአፉ እኩል ሲሆን ነው። የእኛ ቤት ማንኪያ ደግሞ ክምር ነው፤ ክምሩ ከእኩሉ በጣም ይበልጣል፣ እጥፍ ሊጠጋም ይችላል። እስቲ ቡናውን እናስላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየሲኒው ሁለት እኩል ማንኪያ ቢገባ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢሆን ይመረጣል ያለው የተጨመረ ስኳር ወደ 25 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ የቡና ሥርዓት ብቻ የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል፣ ያውም ማንኪያው ካልተከመረ። ከተከመረ ደግሞ እናንተው አስሉት። ለአያት «ስኳር ቀንሱ» ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ «ማንኪያውን እንጥረገው» ብትሏቸው ግን ይገባቸዋል። ቡናው አይቀርም፣ ሦስቱም አይቀርም።

እንግዲህ ለመጨረስ፣ ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ልንገራችሁ። የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ጣሳ፣ የሚሰፍሩበትን ሁሉ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉና ውሃ ሙሉት። የመጣው ግራም የዕቃው ሚሊ ሊትር ነው። ለተራ ስኳር ያንን ቁጥር በ0.85 አባዙት። ለስኳር ዱቄት በ0.5፣ ለማር በ1.4። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ይስፈሩና እንደገና መዝኑ፤ በሒሳቡና በእጁ መካከል ያለው ልዩነት ነው ዋናው ሚስጥር። አዘገጃጀቱን ስትጽፉ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዕቃው ምን ያህል ይይዛል፣ ክምር ነው ወይስ እኩል፣ ክብደቱ ስንት ነው። «ሁለት ሲኒ» የሚለውንም አታጥፉት፣ አጠገቡ ይቀመጥ። ግራሙ ዳቦውን ያድነዋል፣ «ሲኒ» የሚለው ቃል ደግሞ ዳቦው ከማን ቤት እንደወጣ ይናገራል።

ይህን ለማድረግ አንድ ሚዛንና አንድ ሰዓት ይበቃል። የማይበቃን ጊዜ ነው፤ በ1984ና በ1991 ትልልቅ ሴቶች ሆነው የመጡት ዛሬ አርጅተዋል። እጃቸው የሚያውቀውን እኛ ካልመዘንነው ማንም አይመዝነውም።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ። የመዘናችሁትን ላኩልን፤ የማን ሲኒ ስንት እንደሚይዝ እናወዳድር። ሻባት ሻሎም፣ ሰላም ሰንበት።